ጥርት ያለ ውሃ ሁሉ ንጹህ አይደለም

ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በደጋንና በዙሪያዋ ባሉት የቃሉ ወረዳ ቀበሌዎች የሚኖረው ገበሬ ውሃን የሚመዝነው በዓይኑ፣ በምላሱና በአፍንጫው ነው። ጥርት ብሎ የወጣውን ይጠጣል። የደፈረሰውን አሳድሮ ያጠልላል። የሚሸተውን ለከብት ይተዋል። ይህ መመዘኛ ከአያት ከቅድመ አያት የተወረሰ፣ በብዙ ክረምትና በብዙ ድርቅ የተፈተነ እውቀት በመሆኑ ሊናቅ አይገባውም። ይሁን እንጂ ብቻውን በቂ አይደለም። ዛሬ በውሃ ውስጥ ገብተው ሕፃናትን የሚገድሉትና ማሳን የሚበክሉት ነገሮች አብዛኞቹ ዓይን የማያያቸው፣ ምላስም የማይለያቸው ናቸው።

«ውሃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ» ሲባል የኖረው ያለ ምክንያት አይደለም። ውሃ ከመነሻው ካልተጠበቀ ቤት ከደረሰ በኋላ የሚደረግለት ሁሉ የጥገና ሥራ ነው። መነሻውን ሊጠብቅ የሚችለው ደግሞ በዓመት አንድ ጊዜ ብቅ የሚል መሐንዲስ ሳይሆን፣ ከምንጩ አጠገብ የሚያርሰውና ከብቱን የሚያሰማራው ገበሬ ራሱ ነው። ይህንን ገበሬ አስተባብሮ ለሥራ የማሰለፉ ኃላፊነት የገበሬ ማህበር መሪው ነው። ገበሬ ማህበር የሚለው ስያሜ በ1967 ዓ.ም. ከገጠር መሬት አዋጅ ጋር የመጣ ሲሆን፣ ዛሬ አስተዳደሩ ቀበሌ ተብሎ ቢጠራም በወሎ ገጠር ስሙ ከሰው አፍ አልወጣም። ከስሙ ጋር የተያያዘው አደራም እንዲሁ አልወረደም።

ለመሆኑ ገበሬው ስለ ውሃው የሚያውቀው ምንድን ነው? የሚያውቀው ብዙ ነው። ሽማግሌዎች የትኛው ምንጭ በበጋ እንደሚነጥፍ፣ የትኛው ደግሞ በ1966ቱና በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ እንኳ እንዳልደረቀ ለይተው ይናገራሉ። ሾላና ወርካ ከበቀሉበት፣ ቄጤማና ደንገል በበጋ አረንጓዴ ሆነው ከከረሙበት ቦታ ሥር ውሃ ቅርብ መሆኑን ያውቃሉ። እረኞች አልቅት የሚበዛበትን ኩሬ ለይተው ከብቶቻቸውን ያርቃሉ። እናቶች ደግሞ ሳሙና የማይፈታውን፣ ባቄላና ሽምብራ ቶሎ የማያበስለውን ውሃ ከለመዱት ምንጭ ለይተው ያውቁታል። ባለሙያው ይህንኑ «ጠጣር ውሃ» ይለዋል፤ በውስጡ የሟሟው የኖራ ዓይነት ማዕድን መብዛቱን ለመግለጽ ነው። ስያሜው ይለያይ እንጂ የታወቀው ነገር አንድ ነው።

ይህ እውቀት ባለመጠየቁ የሚጠፋው ገንዘብና ጉልበት ቀላል አይደለም። ጉድጓድ የሚቆፈርበት ቦታ ለመኪና መግቢያ ስለተመቸ ብቻ ተመርጦ፣ ሽማግሌዎች «ይህ ቦታ በሚያዝያ ይደርቃል» ሲሉ የሚሰማ ጆሮ ከጠፋ፣ የተተከለው የእጅ ፓምፕ ከዓመት በኋላ የከብት ማሰሪያ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ማንኛውም የውሃ ሥራ ሲታቀድ የመጀመሪያው እርምጃ ሽማግሌዎችንና ውሃ ቀጂዎቹን ሴቶች በቦታው ላይ አቁሞ መጠየቅ ሊሆን ይገባል።

የአካባቢው ሰው ትዝታ የውሃውን ለውጥ ጭምር የያዘ መዝገብ ነው። «በልጅነታችን ይህ ጋራ በቁጥቋጦ የተሸፈነ ነበር፤ ምንጩም ይበልጥ ይፈስ ነበር» የሚለው የአዛውንቶች ንግግር አንዳንድ ጊዜ ያለፈውን ዘመን ከማመስገን የመጣ ይመስላል። ነገር ግን በቃሉ ወረዳ እ.ኤ.አ. በ1958 እና በ1986 ከአየር የተነሱ ፎቶግራፎችን በማነጻጸር የተደረገ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2000 ታትሞ ሲወጣ፣ በእነዚያ 28 ዓመታት ውስጥ ቁጥቋጦው፣ ደኑና የወንዝ ዳር ዕፅዋቱ መቀነሱን፣ የተራቆተው መሬትና የሰፈራው ቦታ መጨመሩን አረጋግጧል። ከአየር የተነሳው ፎቶግራፍ የተናገረው ሽማግሌዎቹ የተናገሩትን ነው። ጋራው ሲራቆት ዝናቡ ወደ መሬት ከመስረግ ይልቅ ጎርፍ ሆኖ ይወርዳል። ምንጩ ይመነምናል። ጎርፉም በየሜዳው ያለውን ቆሻሻ ጠርጎ የመጠጥ ውሃ ውስጥ ይከታል። የውሃ ጥራት ጉዳይ ከእርከኑና ከብት እንዳይገባበት ከተከለለው ተራራ ተነጥሎ የማይታየውም በዚህ ምክንያት ነው።

የገጠር ሰው የዕለት ተዕለት ትዝብት ወደ ከፍተኛ ሳይንስ ሊሸጋገር እንደሚችል የሚያሳየው ታላቅ ምሳሌ ከሌላ አገር የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ ከተማ የቢልሃርዚያን በሽታ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ በወንዙ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ተንሳፈው ተመለከቱ። ቢልሃርዚያን የሚያመጣው ጥገኛ ትል ወደ ሰው ከመድረሱ በፊት የሚያድገው በእነዚህ የውሃ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ነው። እንዶድ ነጠላና ጋቢ ሲያነጣ የኖረ፣ ማንኛዋም የኢትዮጵያ እናት የምታውቀው ፍሬ ነው። ዶክተር አክሊሉና የሥራ ባልደረባቸው ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ያንን ፍሬ ለዓመታት ከመረመሩ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 በአድዋ በተካሄደው የሙከራ ሥራ ከ1 እስከ 6 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሕፃናት መካከል በበሽታው የተያዙት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ሊወርዱ ችለዋል። ሁለቱ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል።

ከዚህ ታሪክ የገበሬ ማህበር መሪዎች ሁለት ትምህርት ሊያገኙ ይገባል። አንደኛው፣ እውቀቱ ከወንዝ ዳር የተነሳ መሆኑ ነው። ሁለተኛውና ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ደግሞ እናቶቹ እንዶድን ቢያውቁም ቀንድ አውጣውን ከልጆቻቸው ሕመም ጋር የሚያያይዘውን ክር ለማየት ማጉያ መነጽር አስፈልጎ እንደነበር ነው። የመንደሩ ዓይንና የላቦራቶሪው ዓይን ሲገናኙ በሽታው አቅጣጫውን ቀየረ። ከሁለቱ አንዱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ ውጤት አይገኝም ነበር። እዚህ ላይ ማሳሰብ የሚያስፈልገው፣ እንዶድ ዓሣን ጭምር የሚገድል በመሆኑ ማንም እንደ ፈቀደ ወደ ወንዝ የሚጨምረው ነገር አለመሆኑን ነው። ቢልሃርዚያ ለወሎም እንግዳ አይደለም፤ በቦርከና ሸለቆ በከሚሴ አካባቢ በትምህርት ቤት ልጆች ላይ በተደረገ ምርመራ ተገኝቷል።

ከሌላው ዓለምም ተመሳሳይ ምሳሌ አለ። በባንግላዴሽ ገጠር ያሉ ሴቶች መጠጥን በአሮጌ ልብሳቸው ማጥለል የቆየ ልማዳቸው ነበር። ተመራማሪዎች ይህንኑ ልማድ በ65 መንደሮች ፈትነው እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት ውጤት፣ ውሃውን ብዙ ጊዜ በታጠፈ ያረጀ የሳሪ ጨርቅ ማጥለል የኮሌራን በሽታ በግማሽ ያህል እንደቀነሰ አስታውቀዋል። በሱዳን የናይል ዳር እናቶች የደፈረሰ ውሃን በሽፈራው ዓይነት ዛፍ ዘር ያጠልሉ እንደነበረም የታወቀ ነው። በወሎም በነጠላ የሚያጠልሉ፣ በእንስራ የሚያሳድሩ፣ እንስራውን በወይራ የሚያጥኑ እናቶች አሉ። ማጥለልና ማሳደር ድፍርሱን ስለሚቀንሱ ጠቃሚ ናቸው። ነገር ግን ግማሽ መንገድ እንጂ ሙሉ መንገድ አይደሉም። በነጠላ ቀዳዳ የሚያልፍ ጀርም ጥቂት አይደለም። የወይራው ጢስም ውሃውን ያጣፍጠዋል እንጂ ተስቦን ከውስጡ አያወጣም።

እዚህ ላይ ዓይን የማያየው ምን እንደሆነ በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። የመጀመሪያውና በገጠር ዋነኛው ከሰውና ከእንስሳ ዓይነ ምድር የሚመጣው ጀርም ነው። ተቅማጥ በኢትዮጵያ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን ከሚገድሉት ዋና ዋና በሽታዎች አንዱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው መመሪያ መሠረት በ100 ሚሊ ሊትር የመጠጥ ውሃ ውስጥ ኢ.ኮላይ የተባለው፣ የዓይነ ምድር ምልክት የሆነው ባክቴሪያ አንድም መገኘት የለበትም። አንድ መቶ ሚሊ ሊትር ከአንድ የቡና ሲኒ ብዙም የማይበልጥ መጠን ነው። እንደ መስታወት የጠራ ውሃ በዚያች ሲኒ ውስጥ በመቶ የሚቆጠር ባክቴሪያ ሊይዝ ይችላል። ይህ በተለይ የሚብሰው የበልጉና የክረምቱ የመጀመሪያ ጎርፍ በጋውን ሙሉ ሜዳ ላይ የተከማቸውን ቆሻሻ ጠርጎ ወደ ምንጭና ወደ ወንዝ በሚያወርድባቸው ሳምንታት ነው።

ሁለተኛው ከዓለት ውስጥ ሟሙቶ የሚመጣ ማዕድን ነው። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ቀበሌዎች የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ በዝቶበት የልጆችን ጥርስ ያበላሻል፣ ሲቆይም አጥንትን ይጎዳል። መመሪያው በአንድ ሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ያዛል። ፍሎራይድ ቀለምም ሆነ ሽታ የለውም። ውሃውን ማፍላትም አያስወግደውም፤ ውሃው ሲተን ጭራሹን ያወፍረዋል እንጂ። ሦስተኛው ከከተማና ከፋብሪካ የሚወርደው ፍሳሽ ሲሆን፣ ይህ ለኮምቦልቻና ለደሴ አካባቢ ገበሬ የቅርብ ጉዳይ ነው።

ቦርከና ከደሴ ዙሪያ ተራሮች ተነስቶ ደሴን ያቋርጣል፤ በኮምቦልቻ በኩል አልፎ ወደ ጨፋ ረግረግ ይወርዳል፤ ከዚያም ወደ አዋሽ ያመራል። በዚህ ጉዞው የከተማ ቆሻሻ፣ ቀጥሎም የቆዳ፣ የጨርቃ ጨርቅ፣ የብረትና የመጠጥ ፋብሪካዎች ፍሳሽ ይቀላቀሉበታል። እ.ኤ.አ. በ2013 እና በ2014 በኮምቦልቻ ከፋብሪካ ፍሳሾችና ወደ ቦርከና ከሚገቡት ትናንሽ ወንዞች የተወሰዱ ናሙናዎች ተመርምረው ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ሲታተም፣ ከቆዳ ሥራ የሚወጣው ፍሳሽ ክሮምየም፣ ከብረት ሥራ የሚወጣው ደግሞ ዚንክ በከፍተኛ መጠን እንደያዘ ታውቋል። ከዚያ ወዲህም በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቋል። ክሮምየም በመጠጥ ውሃ ውስጥ በአንድ ሊትር ከ0.05 ሚሊ ግራም መብለጥ እንደሌለበት መመሪያው ይደነግጋል። ይህንን ብረት ማፍላትም፣ ክሎሪንም፣ ነጠላም አያስቀሩትም። መከላከያው አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ከፋብሪካው በር ሳይጣራ እንዳይወጣ ማድረግ ነው።

ከወንዙ ዝቅ ብሎ ጎመንና ቲማቲም በመስኖ የሚያለማው፣ በበጋ ከብቱን ወደ ጨፋ ነድቶ የሚያጠጣው ሰው የላቦራቶሪ ወረቀት አላየም። ነገር ግን ውሃው ቀለም የሚቀይርበትን ሰዓት፣ አረፋ የሚይዝበትን ቀን፣ ከብት አሽትቶ የሚመለስበትን መልካ ያውቃል። በሌሊት የሚለቀቅ ፍሳሽ ጠዋት ናሙና ሊቀዳ በሚመጣ ባለሙያ ላይታይ ይችላል። በወንዙ ዳር ለሚያድረው የአትክልት ጠባቂ ግን የተሰወረ አይደለም። ይህ ትዝብት ሲወራ ወሬ ነው፤ ቀን፣ ሰዓትና ቦታ ተጽፎበት ሲከማች ማስረጃ ይሆናል። በገበሬውና በመሥሪያ ቤቱ መካከል ያለው ክፍተት ብዙውን ጊዜ የእውቀት ሳይሆን የመዝገብ ክፍተት ነው።

ይህ ሲባል ፋብሪካ ይዘጋ ማለት አይደለም። የገበሬው ልጅ በፋብሪካው ተቀጥሮ ይሠራል፤ ቆዳውና ከብቱም ገበያ የሚያገኘው በዚያው ነው። ልጁ ደመወዝ ሲያመጣ አባቱ ማሳውን የሚያጣበት፣ እናቱ ውሃ የምታጣበት ዕድገት ግን በአንድ ቤት ውስጥ በቀኝ እጅ ሰጥቶ በግራ እጅ መንሳት ነው። ሕጉም ይህንን አይፈቅድም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ማንኛውም ሰው ንጹህና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ደንግጓል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ደግሞ ብክለትን ይከለክላል። ሕጉ ኖሮ የሚጠይቅ ሰው ከጠፋ ጥፋቱ የወረቀቱ አይደለም።

ሌላውን ለመክሰስ የተዘረጋ ጣት ወደ ራስም መመለስ አለበት። የጫትና የአትክልት ማሳ ላይ ጸረ ተባይ የረጨ ሰው የመርጫ መሣሪያውን በምንጩ አጠገብ ካጠበ፣ መርዙን ለጎረቤቱ አጠጣ ማለት ነው። የጸረ ተባይ መድኃኒት የነበረበት ፕላስቲክ ታጥቦ የውሃ መቅጃ ወይም የዘይት መያዣ ሲሆንም የከፋ አደጋ ነው። ዕቃው ተበስቶ ከጥቅም ውጭ መሆን ይኖርበታል እንጂ ወደ ቤት መግባት የለበትም። ከምንጭ ዓይን በላይ የተተከለ ባሕር ዛፍም እንጨቱ ሲሸጥ ለአንዱ ቤት ገንዘብ ያስገባል፤ ምንጩ ሲመነምን ግን ኪሳራው የመንደሩ ሁሉ ነው።

እንግዲህ የገበሬ ማህበሩ መሪ ምን ይሥራ?

አንደኛ፣ የምንጮችን መዝገብ ይክፈት። በቀበሌው ያሉ ምንጮች፣ ጉድጓዶችና መልካዎች በስማቸው ይመዝገቡ። እያንዳንዱ በየትኛው ወር እንደሚቀንስ፣ ጣዕሙና መልኩ መቼ እንደሚለወጥ፣ ከበላዩ ምን እንዳለ፣ ስንት ቤተሰብ እንደሚቀዳው ይጻፍ። ሽማግሌዎች ይናገሩ፣ ሴቶች ያርሙ፣ በቀበሌው ያለው መምህር ወይም ተማሪ ይጻፍ። አንድ የ32 ገጽ ደብተር ለዚህ ይበቃል። የሚያውቁት አዛውንቶች እያለፉ ስለሆነ ይህ ሥራ ለከርሞ የሚቆይ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ምንጩ ይጠበቅ። ምንጭ ሲጎለብት እስከ ዓይኑ ተቆፍሮ፣ በጠጠር ተሞልቶ፣ በሸክላ አፈርና በሲሚንቶ ተከድኖ ውሃው በቧንቧ እንዲወጣ ይደረጋል። የምንጩ ዓይን ግን በግድብ ተጭኖ እንዳይታፈን መጠንቀቅ ያሻል፤ የታፈነ ምንጭ ሌላ መውጫ ፈልጎ ይሄዳልና። ከበላዩ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይቆፈር፤ ዙሪያው በእሾህ ወይም በካብ ይታጠር። ሲሚንቶ እስኪገኝ ድረስ እንኳ ቦዩና አጥሩ በአንድ ቀን ደቦ የሚያልቁ ሥራዎች ናቸው። አጠቃቀሙም በተራ ይሁን፤ መጠጥ ከላይ፣ የከብት ገንዳ ከታች፣ የልብስ ማጠቢያ ከሁሉም በታች። ውዱእ የሚደረግበትም ቦታ ከመቅጃው ዝቅ ይበል። የሚፈስ ውሃ ራሱን ያጸዳል የሚለው አስተሳሰብ ጥቂት ሰው በሰፈረበት ዘመን ያስኬድ ይሆናል። ዛሬ ከላይ ያለው መንደር የሚያጥብበትን ከታች ያለው መንደር ይጠጣዋል።

ሦስተኛ፣ መጸዳጃ ቤት ከውሃ ይራቅ። ጉድጓዱ ከምንጭ ወይም ከውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ፣ ከተቻለም ወደ ቁልቁለቱ በኩል መቆፈር አለበት። ስልሳ መደበኛ እርምጃ የሚርቅ ሰው 30 ሜትሩን በሙሉ ልብ ያልፈዋል። በምንጭ ራስጌ ሜዳ ላይ መጸዳዳት በመተዳደሪያ ደንብ የተከለከለ ይሁን።

አራተኛ፣ ውሃው ይመርመር። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና የወረዳው የውሃ ጽሕፈት ቤት ለዚህ ተጠያቂ ናቸው። መሪው በደብዳቤ ጠይቆ፣ ቁጥርና ማኅተም አስደርጎ ቅጂውን ይያዝ። ናሙናው በበጋ ብቻ ሳይሆን ከበልጉና ከክረምቱ የመጀመሪያ ጎርፍ በኋላም መወሰድ አለበት። አዲስ ጉድጓድ ማዕድኑ ሳይመረመር ርክክብ እንዳይፈረምበት። ውጤቱም በቢሮ መሳቢያ ውስጥ እንዳይቀር፣ በገበያ ቀን፣ በመስጊድና በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ፣ በቅሬ ስብሰባ ላይ ለሕዝብ ይነበብ።

አምስተኛ፣ የውሃ ኮሚቴው በስም ብቻ አይኑር። ቢያንስ ግማሹ ውሃ የሚቀዱት ሴቶች ይሁኑ፤ ለመቁጠሪያ ሳይሆን ለውሳኔ። ከየቤቱ የሚሰበሰበው ጥቂት ገንዘብ በደረሰኝ ገብቶ ለጎማ፣ ለቧንቧና ለመለዋወጫ ይቀመጥ። አንድ ፓምፕ ለአንድ ሳምንት ሲቆም መንደሩ ወደ ወንዝ ይመለሳል፤ በዚያ ሳምንት የታመመ ሕፃን ፓምፑ ሲጠገን ላይድን ይችላል። ደንብ የሚጥሰውን ለመቅጣት ቅሬው ከማንም የተሻለ አቅም አለው። ጎረቤቱን የሚያፍረው ሰው ከፖሊስ ይልቅ ቅሬውን ይፈራል።

ስድስተኛ፣ የቤት ውስጥ አያያዙ ይታይ። ከንጹህ ምንጭ የተቀዳ ውሃ ባልታጠበ ጀሪካንና እጅ በሚነከርበት ጣሳ ይበከላል። አፉ የጠበበና ክዳን ያለው ዕቃ ይመረጣል። ምንጩ ገና ያልተጠበቀበት መንደር ውሃውን አሳድሮ፣ በታጠፈ ነጠላ አጥልሎ፣ ከዚያም ያፍላው ወይም ውሃ አጋርን የመሰለ ማከሚያ በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ጨምሮ 30 ደቂቃ ይጠብቅ። ድፍርስ ውሃ የመድኃኒቱን ኃይል ስለሚበላ ማጥለሉ መቅደም አለበት። የእናቶቹ የቆየ ልማድና የፋብሪካው መድኃኒት ተደጋግፈው የሚሠሩት እዚህ ላይ ነው።

ሰባተኛ፣ በወንዝ ዳር ያሉ ቀበሌዎች በአንድነት ይቁሙ። ቦርከና የወረዳና የዞን ድንበር አያውቅም። በላይኛው ቀበሌ የተመዘገበው ቀንና ሰዓት ከታችኛው ቀበሌ መዝገብ ጋር ሲገጥም፣ ብክለቱ ከየት እንደተነሳና በስንት ሰዓት እንደደረሰ ይታወቃል። አንድ ገበሬ ብቻውን ቢሮ ቢሄድ «ነገ ተመለስ» ሊባል ይችላል። አምስት የቀበሌ መሪዎች መዝገባቸውን ይዘው፣ ናሙናው በፈሰሰበት ሰዓት እንዲወሰድ ሲጠይቁ ግን ጉዳዩ በቀላሉ የሚገፋ አይሆንም።

በዚህ ላይ የሚነሳ ተቃውሞ እንዳለ የታወቀ ነው። «ውሃ የመንግሥት ሥራ ነው፤ በጀት ሲመጣ ይሠራል» የሚሉ መሪዎች አሉ። እውነት ነው፤ ጥልቅ ጉድጓድ፣ የውሃ ምርመራና የፋብሪካ ቁጥጥር ከገበሬው አቅም በላይ በመሆናቸው መንግሥት ሊሸሻቸው አይገባም። ነገር ግን ከላይ ከተዘረዘሩት ውስጥ መዝገቡ፣ ቦዩ፣ አጥሩ፣ የመጸዳጃው ርቀት፣ የአጠቃቀሙ ተራና የቅሬው ደንብ በጀት አይጠብቁም። ሌሎች ደግሞ «አባቶቻችን ይህንኑ ጠጥተው ኖረዋል» ይላሉ። የኖሩት ስለኖሩ ይታወሳሉ። በተቅማጥ ያለቁት ሕፃናት ግን የሚያስታውሳቸው የላቸውም፤ ስንት እንደነበሩም በየትኛውም መዝገብ አልተጻፈም።

ባለሙያዎችም ቢሆኑ ከትችት ነጻ አይደሉም። የገጠር ውሃ ሥራ ሲሠራ የሽማግሌ ቃል እንደ ተረት የሚቆጠርበት፣ የእናቶች አስተያየት ለሪፖርት ማሳመሪያ ብቻ የሚጠቀስበት አሠራር መቅረት ይኖርበታል። ምርመራ የሠራ ሁሉ ውጤቱን ውሃውን ለሚጠጣው ሰው በሚገባው ቋንቋ የመንገር ግዴታ አለበት። በኮምቦልቻ ወንዞች ላይ የተጻፈው ጥናት በውጭ ቋንቋ ታትሞ ለምሁራን ሲደርስ፣ በወንዙ ዳር ጎመን ለሚተክለው ሰው ካልደረሰ ዕዳው ገና አልተከፈለም።

ደጋን፣ ገርባ፣ ሐርቡና አንቻሮ ዙሪያ ያሉ የገበሬ ማህበር መሪዎች በሚቀጥለው ስብሰባቸው ከማዳበሪያና ከግብር ጉዳይ ጋር አንድ አጀንዳ ይጨምሩ፤ እርሱም የምንጮቹ መዝገብ ነው። ዝናቡ ጋራውን ማጠብ ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱ ቀበሌ ብዙ ሰው የሚቀዳበትን አንድ ምንጭ መርጦ ቦዩን ይቆፍር፣ አጥሩን ያጥብቅ፣ የምርመራ ደብዳቤውን ይጻፍ። ከአንዱ ምንጭ የተገኘው ልምድ ሁለተኛውን ያቀላል። ውሃውን የሚያውቀው ሕዝብ አለ፤ የማይታየውን የሚያሳይ መሣሪያም አለ። ሁለቱን በአንድ ምንጭ ዳር የማገናኘቱ ሥራ የመሪው ነው።